ለሴት ልጅ የማይነገር ቅጠል

ልጅ እያለሁ በታናሽ ወንድሜ በይበልጣል የቀናሁትን ያህል በማንም ቀንቼ አላውቅም። አባታችን ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ከሽንዲ ሳይቀር በቃሬዛ ይመጣላቸው ነበር። ቅጠሉ የሚቆረጠው ረቡዕና ዓርብ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ ነው። ታዲያ ያን ለፍላፊ ልጅ ቀስቅሰው ይዘውት ይወጣሉ። እሱ በእንቅልፍ ልቡ እየተደናበረ ሲከተላቸው፣ እኔ ተከናንቤ ጥርሴን እነክሳለሁ። ከኔ ይልቅ ያ አፈኛ!

በዚያው ዓመት የሳይንስ መምህራችን የአካባቢውን የመድኃኒት ዕፅዋት ሰብስባችሁ ኑ አሉን። ቅጠሉን በአሮጌ ጋዜጣ መሀል አድርጎ ድንጋይ መጫን፣ ሲደርቅ ካርቶን ላይ መለጠፍ፣ ከሥሩ ስሙንና የሚያድነውን መጻፍ። ዳማ ከሴ ለምች፣ ግራዋ ለሆድ ትል እያልሁ ለጠፍሁ፤ ቤቱም ዳማ ከሴ ዳማ ከሴ ሸተተ። ይኼንንማ ማን የማያውቀው አለ? የኔ ዓይን ያለው የአባቴ ቅጠል ላይ ነበር።

አንድ ማታ እግራቸውን እያጠብሁ፣ «አባባ፣ እኔንም ይውሰዱኝ፤ አፌን እይዛለሁ» አልኋቸው።

«ልጄ፣ አንቺማ የሰው ነሽ» አሉ ራሴን እየዳበሱ። «ሴት ልጅ ነገ ባሏ ቤት ናት። መድኃኒት ደግሞ ከቤት ከወጣ አይሠራም።»

ይበልጣል ከመደቡ ላይ ሆኖ ምላሱን አወጣብኝ። ውሃውን ልደፋ ወጥቼ ጓሮ ተደብቄ አለቀስሁ፤ ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ሆዴ መረረ። መምህሩ ካርቶኔን ክፍል ውስጥ ሲሰቅሉልኝ እንኳ ደስ አላለኝም።

ዛሬ እኔ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ፤ በተራዬ ተማሪዎቼን ቅጠል አስለጥፋለሁ። ይበልጣል ባሕር ዳር ሲሚንቶ ይነግዳል። አባባ ካረፉ በኋላ አንድ ቀን ደወልሁለትና ያ ቅጠል ምን እንደ ነበር ጠየቅሁት።

«እኔ እንጃ እታለም፣ ረስቼዋለሁ» አለኝ፣ ምንም ሳይመስለው።

ልሰድበው አፌን ስከፍት ቀጠለ። «ክረምት ወንዙ ሲሞላ ግን አዝለው ያሻግሩኝ ነበር፤ ጋቢያቸውን ደርበውብኝ። የጀርባቸው ሙቀት እስካሁን ትዝ ይለኛል።»

እኔን አባባ አዝለውኝ አያውቁም። ስልኩን ዘጋሁና፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደገና ቀናሁበት።