ኤደንን ባሕሩ ዳር ያደረስንበት ጉዞ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ቁልፍ አልተሰጠኝም። አሠልጣኛችን ሮይ የእጅ ባትሪና ጓንት ሰጥቶኝ፣ «ዛሬ አትነጂም፤ ዛሬ ዙሪያውን ትዞሪያለሽ» አለኝ። ቦታው አውሮራ በሚባለው ከተማ ውስጥ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ያለው የድርጅታችን ግቢ ነበር። ነፋሱ ፊት ይልጣል።

ከዚያ በፊት የትምህርት ቤት ባስ እነዳ ስለነበር አውቶቡስ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሮይ ግን ከፊት ግራ ጎማ አስጀመረኝ። ጎማ፣ ብሎን፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ የሻንጣ መጫኛው በር፣ የኋላ መብራት፣ ከዚያ በሌላው ጎን ተመልሶ እስከ መግቢያው በር። እያንዳንዱን በእጄ እንድነካ አዘዘኝ። «አይቼዋለሁ እኮ» ስለው «ካልነካሽው አላየሽውም» ብሎ ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አላስታውስም። ማታ ጣቶቼ ግሪስ ግሪስ ይሸቱ ነበር።

በተለማማጅነት ገባሁ። ቀጥሎ ተተኪ ሹፌር፣ ከዚያ የቻርተር፣ ማለትም ለቡድን የሚከራይ አውቶቡስ ሹፌር ሆንኩ። ጡረታ ስወጣ የሮይን ቦታ ይዤ አሠልጣኝ ነበርኩ።

ሥራው ብዙ ዓይነት ነው። አዛውንቶችን ተራራ ላይ ወዳለው ካዚኖ፣ ተማሪዎችን ወደ በረዶ ሸርተቴ፣ ሠርገኞችን ወደ አዳራሽ ማመላለስ አለ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ መውረድ ክልክል ነው፤ ማርሽ ይቀነስና ሞተሩ ራሱ ይይዛል። ይህን ያልለመደ ሹፌር ታች ሲደርስ ጎማው ይጨሳል። እኔም ለመልመድ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶብኛል።

የተወለድኩት አሥመራ ነው፤ ስሜ ለተብርሃን። አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ የሐበሻ ቡድን አውቶቡስ ሲከራይ ዲስፓቸራችን ዶና ለእኔ ትመድበው ነበር። «ያንቺ ሰዎች መጡ» ትለኛለች። ወጣቶቹ እትዬ ለተ ይሉኛል፤ ልጆቹ ደግሞ አንቲ ለተ።

አንድ ሰመር ትምህርት እንደተዘጋ የአንድ ጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ቤተሰቦች ካሊፎርኒያ ሊሄዱ ተከራዩን። ከአውሮራና ከአካባቢዋ፣ ከግሪን ቫሊ ራንችና ከቶርንተን የመጡ ናቸው፤ ልጆቻቸው አብዛኞቹ ገና ትንንሾች ናቸው። ሁለት ቀን መንገድ፣ አንድ ቀን ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ፣ አንድ ቀን ባሕር ዳር፣ ሁለት ቀን መመለሻ። አስተባባሪው ወንድም ታምራት ይባላል፤ ፕሮግራሙን በቃሉ የሚያውቅ፣ ሰው ሲዘገይ ሰዓቱን እያየ የሚንቆራጠጥ ሰው ነው።

ከፊት ወንበር የተቀመጡት ብርሃኑና ሚስቱ ሰናይት ነበሩ። ብርሃኑ እንደ ብዙዎቻችን በመኪናው ሰው ያመላልሳል፤ ሰናይት አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። ናታን የሚባል የስምንት ዓመት ልጅና ኤደን የምትባል የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አሏቸው። ኤደን ብዙ አታወራም። የቆምኩ ጊዜ ቢጫውን የፓርኪንግ ፍሬን ስስበው አየሩ «ጭሽሽ» ብሎ ሲወጣ ግን ብድግ ትልና «አጌን!» ትላለች። ድገሚው ማለቷ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ነዳጅ በቀዳንበት ሁሉ፣ «አጌን» አለችኝ።

የመዝናኛው ፓርክ ቀን ሰዉን በር ላይ አወረድኩና የአውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሄጄ ፓርክ አደረግኩ። በሥራችን ሕግ ሹፌር በዚህ ጊዜ ያርፋል። ጫማዬን አውልቄ ጋደም እንዳልኩ በሩ ተንኳኳ።

ብርሃኑ ነው። ኤደንን በሁለት እጁ አቅፏታል፤ አንድ ጫማዋ የለም። ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። የእሱ አንገት ተቧጭሮ ደም አዝሏል።

«እትዬ ለተ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ትንሽ መቀመጥ እንችላለን?»

የቆመ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪ ማስቀመጥ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ዶና ጋ ደወልኩ።

«አባትየው አብሯት ነው?» አለች።

«አብሯት ነው።»

«እንግዲያው ይቀመጡ። አንቺ ግን ዕረፍት ላይ ነሽ፣ እንዳትሠሪ።»

ሞተሩን ለብዙ ጊዜ ማስነሳት ስለማይፈቀድ የጣራውን መስኮቶች ከፍቼ አየር አስገባሁ። ኤደን የፊት ወንበሯ ላይ ወጥታ ጉልበቷን አቀፈች። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ወደ ማቃሰት ወረደ። ብርሃኑ መተላለፊያው ላይ እንደቆመ ነበር።

«አንድ ቀን!» አለ በመጨረሻ። «አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ቤተሰብ ብንውል ምን ነበረበት? በሩ ላይ ሙዚቃ ተለቀቀ፣ ሰዉ ተጋፋ፣ መሬት ላይ ተኛችብኝ። ሁሉም አየን።»

ውሃ ሰጠሁት።

«ኦቲዝም ነው ብለውናል» አለ ከጠጣ በኋላ። «ሦስት ዓመቷ ላይ። ለቤተ ክርስቲያን ሰው አልነገርንም፤ አፏን ለመፍታት ዘግይታ ነው እንላለን። እሁድ እሁድ ሰናይትና ናታን ይገባሉ፤ እኔ ከኤደን ጋር መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። ሰዉ ሥራ ላይ ያለሁ ይመስለዋል።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ። መዝሙሩ እስከ ፓርኪንጉ ይሰማል።»

እኔ ሹፌር ነኝ። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ። መኪናውን አስነሳሁና ፍሬኑን አንዴ ለቅቄ መልሼ ሳብኩት። ጭሽሽ አለ። ኤደን ቀና አለች። ከዚያ አውቶቡሱን አንበረከክሁት፤ አዛውንት ሲወርዱ የፊቱ ጎን አየር ለቅቆ ዝቅ እንዲል የሚያደርግ ቁልፍ አለ። ወለሉ ከሥሯ ዝቅ ሲል ኤደን ሳቀች። ከጉሮሮ የሚወጣ፣ የወፍራም ሰው ሳቅ ነው ያላት። ብርሃኑ ዞሮ አያት። እሱም ሳቀ፤ ዓይኑን ግን በክንዱ ጠረገ።

ሰዉን ለማንሳት ስንቃረብ የዘወትሩን ፍተሻ ጀመርኩ። ኤደን የአባቷን ጣት ይዛ ተከተለችኝ። ጎማ ስነካ ትነካለች፤ ስፖኪዮው ጋ አልደርስ ሲላት አባቷ ከፍ አደረጋት። ዙሩን ስንጨርስ ወደ ፊት ግራ ጎማ ጎተተችን። «አጌን።» እንደገና ዞርን።

«ቤት ውስጥ ለአንድ ነገር እንዲህ አትታዘዝም» አለ ብርሃኑ።

«አልታዘዘችም» አልኩት። «ቀጥሎ የሚመጣውን አወቀችው፤ ይኸው ነው።»

ምሽት ላይ ሰዉ ፊቱ በፀሐይ ቀልቶ ተመለሰ። ናታን የተሳፈረበትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተረከልን። ሰናይት ግን ከባሏ ጋር ስትነጋገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ከፊት ስለሆኑ እሰማለሁ።

«ሴቶቹ እንጸልይላት አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? ነገ እኔና እሷ ሞተል እንቅር። ወይም መኪና ተከራይተን ወደ ቤት እንመለስ።»

ብርሃኑ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ባሕር ዳሩ ሰው የማይበዛበት ስንት ሰዓት ነው?»

«ማለዳ። ከቁርስ በፊት ማንም የለም።»

«በማለዳ ሊያደርሱን ይችላሉ?»

«አውቶቡሱ አንድ ነው፤ መነሻውን እኔ ብቻዬን አልቀይርም። ቡድኑ ከተስማማ ግን በሕግ የተወሰነው የሥራ ሰዓቴ ይፈቅድልኛል።»

ቡድኑ እንዲስማማ ምክንያቱን መስማት ነበረበት። ብርሃኑም ይህ ገብቶታል። ሰናይትን አያት። እሷ መጀመሪያ ራሷን ነቀነቀች፤ እምቢ ማለቷ ነበር። ቆይታ ግን የኤደንን ፀጉር እየዳበሰች፣ «በቃ ንገራቸው» አለችው።

ማይክሮፎኑን ከመስቀያው አንስቼ ሰጠሁት።

«ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ኤደን ልንገራችሁ» አለ። «ዛሬ ያያችሁት ብልግና አይደለም። ኦቲዝም አለባት። እኛ ደብቀናችሁ ነው። ጫጫታና ግፊያ አትችልም፤ ያማታል። ባሕሩን ግን እንድታይ እፈልጋለሁ። ነገ ማልደን ብንነሳ፣ ሰው ሳይመጣ ትደርሳለች። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው።»

አንድ አባት ከኋላ፣ «ልጆቹ እኮ ዛሬ በድካም ሞተዋል፤ ማን ይቀሰቅሳቸዋል?» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው። ወንድም ታምራት ጉሮሮውን ጠረገ። ፕሮግራሙ ሊናጋበት ነው።

ያን ጊዜ እማማ ወርቅነሽ ተናገሩ። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የመጡ ትልቅ ሴት ናቸው። «እኔ እንደሆንኩ ዶሮ ሳይጮኽ ነቅቼ ግድግዳ ሳይ ነው የማነጋው» አሉ። «ይልቅ ብርሃኑ፣ ልጅቱ ምን ትወዳለች? ንገረንና እኛም እንወቅ።»

ብርሃኑ ትንሽ አሰበ። «አውቶቡስ» አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሰናይት ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ወንድም ታምራት ተነስቶ አዲሱን መነሻ ሰዓት አወጀ፤ የሚዘገይ ካለ እንደማይጠበቅም አከለበት። ያ ከኋላ የተናገረው አባት ልጆቹን እስኪበቃቸው አስተኝቶ በኋላ ሁሉንም በታክሲ ይዞ መጣ። ማንም አልተቀየመውም።

በማግስቱ ስንደርስ ባሕሩ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። አሸዋው ላይ ከወፍ በቀር ማንም የለም። እማማ ወርቅነሽ ልጆቹን ሰብስበው ራቅ ወዳለ ቦታ ወሰዷቸው፤ «እዚያ የአሸዋ ቤት ሥሩ፣ ድምፃችሁን ቀንሱ» ሲሉ ይሰማኛል።

ኤደን ከደረጃው አልወርድም አለች። አውቶቡሱን አንበረከክሁት፤ አልበቃትም። ሰናይት ልታቅፋት ስትል ብርሃኑ፣ «ቆይ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «እትዬ፣ ፍተሻውን ይጀምሩልን» አለኝ።

ወርጄ የፊቱን ግራ ጎማ ነካሁ። ኤደን ወረደች። ጎማ፣ ብሎን፣ ፍሬቻ፤ ሙሉውን ዞርን። በሩ ጋ ስንደርስ ብርሃኑ አላቆመም። ከፓርኪንጉ ጫፍ ተንበርክኮ መዳፉን አሸዋው ላይ አሳረፈ። «ቀጥሎ አሸዋ» አላት። እሷም ነካች። ጥቂት ሄዶ የባሕር ሣር ነካ። «ቀጥሎ ሣር።» ነካች፤ አሸተተችው፤ ጣለችው። እንዲህ እያሉ ጎንበስ ቀና እያሉ ሄዱ። እኔ ከአውቶቡሱ መራቅ ስለሌለብኝ አጥሩ ጋ ቆሜ አየኋቸው።

«ቀጥሎ ውሃ» ሲል ማዕበሉ መጥቶ እግሯን ሸፈነው። ሰናይት አፏን በእጇ ያዘች። ኤደን ደርቃ ቆመች። ውሃው «ሽሽሽ» እያለ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«አጌን!» አለች ኤደን ለባሕሩ።

ባሕሩ ደገመላት። «አጌን!» ደገመላት። ናታን ሱሪውን ሳያወልቅ ሮጦ ገባና እጇን ያዘ፤ እሱም አብሯት መጮኽ ጀመረ። ሰናይት አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ቆይታም ጫማዋን አውልቃ ገባች። ብርሃኑ እስከ ጉልበቱ ርሶ ወደ እኔ ዞሮ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ረፋድ ላይ ሕዝቡ ጃንጥላና ሙዚቃ ይዞ ሲመጣ ኤደን ጆሮዋን መያዝ ጀመረች። ብርሃኑ አልታገላትም። «ቀጥሎ አውቶቡስ» አላት፤ ተመለሱ። እሱና ሰናይት በተራ ከእሷ ጋር ሲቀመጡ ናታን ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ ዋለ።

የመልሱ መንገድ ላይ ብዙ ነገር አልሆነም። ኤደን ሁለቴ አለቀሰች፤ ሌሎቹም ልጆች አለቀሱ። ሴቶቹ ሰናይትን ሐኪሙ የት እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግላት ሲጠይቋት ሰማሁ። አንዷ የእኅቷ ልጅ ነገር አሳስቧት ኖሮ ስልክ ቁጥሩን ወሰደች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ብርሃኑ ኤደንን ይዞ ግቢያችን መጣ። ዶና ከቢሮዋ ወጥታ ሰላም አለቻት፤ ኤደን ግን ቀጥታ ወደ ጎማው ሄደች። እሱን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ነው አልኩት።

«አሁን እገባለሁ» አለ። «የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ከኤደን ጋር መኪና ውስጥ በተራ ይቀመጣሉ። ያለፈው እሁድ የወንድም ታምራት ተራ ነበር፤ ደቂቃ ሳያሳልፍ ነው የመጣው። እሷም መኪናው ሲሰለቻት በጎን በር እያስገባናት ነው፤ አንድ መዝሙር ትችላለች።»

አሠልጣኝ ከሆንኩ በኋላ አዲስ ሹፌሮችን ፍተሻውን እንደ ሮይ በእጅ አስነካኋቸው። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ እላቸው ነበር፦ ልጅ የያዘ ሰው ስትጭኑ ከመነሳታችሁ በፊት ማይክሮፎኑን አንሡና ቀጥሎ የሚሆነውን ንገሩት፤ የት እንደምትቆሙ፣ ምን ያህል እንደምትቆዩ፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰማ። ጊዜ አይወስድም፤ መንገዱም ይቀልላል።