በግራና ቅሬ ስሙ የሚጠራው ወንድሜ

ከወልድያ የተነሳሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ የት እንደተቀበረ፣ በወጉ መቀበሩንም አይቼ ለእናቴ መንገር። ጦርነቱ መጥቶ ስልክ ሲቋረጥና መንገድ ሲዘጋ፣ ሰይድ በአይሱዙው ሽንኩርት ሊጭን ወደ ግራና እንደወረደ ቀረ። መሞቱን ሰማን፤ መቃብሩን ያየ ሰው ግን አላገኘንም። ባለፈው ገበያ ቀን እናቴ ስሙን እየጠራች ስታለቅስ አንዲት የግራና ሽንኩርት ሻጭ ሰምታ፣ «ሰይድ ኪዳኔ? በኛ ቅሬ ስሙ ይጠራል እኮ!» አለቻት። ቅሬ የኛ አገር እድር ነው፤ ሙት ይቀብራል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል።

እናቴ አብራኝ ልትመጣ አስባ ጉልበቷ እምቢ አላት። በር ላይ ቆማ፣ «ካህን ደርሶለት እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግ» አለችኝ።

የፈራችው ገብቶኛል። እኛ ክርስቲያኖች ነን። ከኔ በኋላ ሁለት ልጆች ሞተውባት፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ዱዓ አድርገው «ይኸኛው ያድጋል፤ ሰይድ በይው» ስላሏት ነው ስሙ የወጣው። ማተቡን ደግሞ «ያሳክከኛል» ብሎ ካወለቀ ቆይቶ ነበር። ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! ወሎ ውስጥ ስም ሃይማኖት አይናገርም፤ አንገቱ ባዶ የሆነን ሰው ምን ብለው ይቀብሩታል?

ሲሪንቃ

የሚኒባሱ ሾፌር ከታሪፉ በላይ ሲጠይቀን ተጣላሁት። «ነዳጁን ከየት አምጥቼ እህቴ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከጦርነቱ ወዲህ ባለበት የቆመ ዋጋ አላየሁም። ቢሆንም ከመጣላት አልተመለስኩም፣ ዓመሌ ነው።

ሲሪንቃ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር የግብርና ምርምር ማዕከሉ ማሽላ ዘለላውን አውጥቶ ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ገበሬ በመስኮት እያዩት፣ «በጦርነቱ ዓመት ዘራችንን በላን» አሉኝ።

«ምን ያድርጉ፣ ልጅ ሲራብ?»

«ልጅ ሲራብማ ይበላል። ሲዘንብ ነው ጉዱ! መሬቱ ረጥቦ፣ በሬ ተጠምዶ፣ በእጅ ዘር የለም።»

«ታዲያ እንዴት ዘራችሁ?»

«ራቅ ያሉት አማቾቼ በቁና በቁና ላኩልን። እነሱም ጠግበው እንዳይመስልሽ፤ ከጉሮሯቸው ነጥቀው ነው።» አሁን ማሽላቸው ከሰው ቁመት በላይ መድረሱን በእጃቸው እያሳዩኝ ወረዱ።

መርሳ

መርሳ በማንጎና በብርቱካን ሻጭ ተጥለቅልቃለች። ውኃ የገዛሁባት ሱቅ የቆርቆሮ በሯ በጥይት የተበሳሳ ነው፤ ባለቤቷ ቀዳዳውን ሳትደፍን ሰማያዊ ቀብታዋለች። «ለምን አልቀየርሽውም?» ብላት፣ «በሩ ምን አጠፋ?» አለችኝ። ውኃዬን ይዤ ባጃጅ ፍለጋ ሄድኩ።

ግራና

የቅሬውን ዳኛ አቶ ይመርን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ያገኘሁት ሰው ሁሉ እየመራ ወሰደኝ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ቁመታቸው ረጅም ነው። «የሰይድ እህት ነኝ» ስላቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ወንድምሽ ሽንኩርቱን አራግፎ፣ ከመርሳ የሸሹ ሴቶችና ሕፃናት ሁለት ጊዜ አመላለሰልን» አሉኝ። «ለሦስተኛው ሲሄድ ከባድ መሣሪያ መታው።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሽንኩርት ብሎ የሞተ ነበር የመሰለኝ። መሬት ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሳቸውም «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» እያሉ አጽናኑኝ።

«እንዴት ቀበራችሁት አባቴ? አንቱ ነበሩ?»

«ነበርኩ እንጂ። መታወቂያውን አየን፤ ሰይድ ኪዳኔ ይላል። በሰይዱ እንሂድ ወይስ በኪዳኔው? ማተብ የለው። ሼሁ ‹ክርስቲያን ከሆነ በደልኩት› አሉ። ቄሱ ‹እስላም ከሆነ በደልኩት› አሉ። እኔ ምን ልፍረድ? ራሴ ይመር ነኝ፤ እስቲ በስሜ አንች ምን ትይኛለሽ?»

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ። እውነትም ሙስሊም ይሁኑ ክርስቲያን አላወቅኩም።

«ኋላ ሼሁ ሰገዱበት፣ ቄሱም ፍትሐት ፈቱለት። ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም እኩል በምትርቀው ሾላ ሥር አሳረፍነው። በደንባችን ቅሬው የሚቀብረው አባሉን ነው፤ ስለዚህ አባል አደረግነው። በየወሩ ስም ሲጠራ ‹ሰይድ ኪዳኔ› ይባላል፣ ሁላችንም ‹አለ!› እንላለን። አንድ ቀን ቀሪ ተብሎ አያውቅም።»

መቃብሩን አሳዩኝ። ዙሪያው በድንጋይ ተከቧል፣ አረም የለበትም። ክርስቲያን መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አጽሙን ወልድያ ልትወስዱ ከሻችሁ ቅሬው ይሸከማል፤ መብታችሁ ነው፤ ቅር ግን ይለናል» አሉ። መታወቂያውን ከቅሬው ሣጥን አውጥተው ሰጡኝ።

ወልድያ

የመመለሻው መንገድ ላይ ከማንም አልተጣላሁም። ጦርነቱ ዘርም፣ ገንዘብም፣ ልጅም እንደወሰደ ስሄድም አውቅ ነበር። ሰው የማያውቀውን ሬሳ እንዳይበድል ይህን ያህል እንደሚጨነቅ ግን አላውቅም ነበር። በአገሬ ሰው ኮራሁ። አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ፤ የሼሁን ነገር ለእናቴ ልንገራት ወይስ ልዝለለው?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስገባ እትዬ ዘይነባ እናቴ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

«ካህን ደርሶለታል» አልኳት። እናቴ አማተበች። መዋሸት አልሆነልኝም፤ «ሼህም ሰግደውበታል» ብዬ የሆነውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

እትዬ ዘይነባ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ መታወቂያውን በመዳፏ እየጠረገች አየቻቸውና፣ «ምን ያስደፋሻል? ስም ያወጣሽለት አንች፤ ድርሻሽን አገኘሽ» አለቻቸው። ሁለቱም አለቀሱ።

«አጽሙን እናምጣው?» አልኳት።

«ተይ እንጂ! ከአባልነት ልታስወጪው ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ፣ «ቅሬው መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

«እሑድ።»

«ጉልበቴ ቢያምም ባያምም ታደርሺኛለሽ። ስሙ ሲጠራ ‹አለ› የምለው እኔ ነኝ።»