መጥሪያውን ከሳሽ ታድርስ

መርማሪው ሳጅን የጭማቂ ቤቴ ደንበኛ ነው። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ማንጎ ያለ ስኳር ይወዳል። ያን ቀን ቢሮው ስገባ ግን አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው ሆነ።

ነገሩን ነገርኩት። ልጅ ሳለሁ የሰፈሩን ልጆች የሚያስጠናው መምህር ለብቻዬ እያስቀረ ደፍሮኛል፤ አንድ ቀን ብቻም አልነበረም። ሰውየው ዛሬ ጡረተኛ ነው፤ አገሩ ሁሉ “ጋሼ” ይለዋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰን ሲገፋ፣ ጣቢያው ራሱ ለሽምግልና የሚጠራው እሱን ነው።

“ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበርሽ?” አለኝ ሳጅኑ።

“እዚሁ። ማንጎ ስጨምቅልህ።”

ሳቀ። “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።”

“ጅቡማ የት ሄደ? እቤቱ ነው። ልጅቷም እቤቱ ናት።”

የመጣሁት ለዚህች ልጅ ነበር። ወላጆቿ ከቀወት ገጠር ለትምህርት ብለው እሱ ዘንድ ያስቀመጧት ዘመዱ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፌ ላይ ቁጭ ትላለች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሷ ግን ወደ ቤት አትሄድም። “ሂጂ እንጂ” ስላት የምትሆነውን አውቀዋለሁ፤ እኔም እንደዚያው እሆን ነበር። የእኔ ይቅር፣ እሱ ሳይሰማ ሄዳችሁ እሷን ጠይቋት ብዬ ሳጅኑን ለመንኩት።

ሳጅኑ መጥሪያ ጻፈ፤ ማኅተም መታበት። ከዚያ ለእኔው ዘረጋልኝ።

“አድርሺለት።”

“እኔ?”

“መጥሪያ የሚያደርሰው ከሳሽ ነው። አሠራሩ ነው። ካላደረስሽ እኔ ምን ላድርግ?”

እዚህ ቆላ ከጎረቤት የተጣላ፣ ኪራይ የተከለከለ ሰው መጥሪያውን ራሱ ይዞ ይሄዳል። የተደፈረችም እንደዚያው መሆኗን ያን ቀን አወቅሁ። አሠራራቸውን መብረቅ ይምታው!

ከልጅነቴ ወዲህ የመምህሩን ደጅ ረግጬው አላውቅም። አንኳኳሁ። መነጽሩን አድርጎ ደጃፉ ላይ ቆሞ አነበበው። ከኋላው ልጅቷ የደንብ ልብሷን ታጥባለች። ቀና ስትል አየችኝና ፊቷ በራ። እሱም ዞር ብሎ የበራ ፊቷን አየው።

“ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ የኔ ልጅ” አለኝ።

በማግስቱ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ሳጅኑ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀለት። ልጅቷስ ብል፣ እናቷ ታመውባት ወደ ገጠር ሄዳለች ተባልኩ።

“ቀወት ሩቅ ነው እንዴ? ሂዱና ጠይቋት!” አልኩ።

“ነዳጅ የለም” አለ ሳጅኑ።

ሽማግሌዎቹ የትልቅ ሰው ስም አጥፍተሻልና እግሩ ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። እግሩ ላይ! ምራቄን መሬት ላይ ተፍቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠራኝም።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ልጅቷ ተመለሰች። ሳጅኑ ምንም እንዳልተፈጠረ መጥቶ ማንጎውን እየጠጣ ሳለ በሬ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባችም። መሬት መሬት እያየች፣ በቃሏ የያዘችውን በአንድ ትንፋሽ አወረደችው፦

“ጋሼ ይቅር ብያታለሁ በያት ብለውኛል።”

ሳጅኑ አፉን ጠረገ። “አየሽ?” አለኝ። “ትልቅ ሰው ማለት ይሄ ነው።”

ልጅቷ እንደ ድሮው ደጃፌ ላይ አልተቀመጠችም። ዞራ በቀጥታ ወደ እሱ ቤት ሄደች።