የእህቴ ጭንቅላት የተለካ ቀን

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ስምንተኛ ክፍል ስገባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ስምንት ዓመት ከምታንሰኝ እህቴ ጋር፣ አንድ ክፍል። እሷ በትምህርት ሰዓት የሚጥል በሽታዋ ተነሥቶባት ስትወድቅ ልጆቹ አረፋው እንዳይነካቸው ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ዳይሬክተሩ፣ «ለአንድ ሰው ብዬ ሰፊውን ተማሪ አላስበክልም። እንደማይተላለፍ ከሐኪም አስጽፋችሁ አምጡ» አሉ።

ያን ሰሞን አንድ ሐኪም የአንጎል መለኪያ ይዘው ከአዲስ አበባ ናዝሬት መጥተው ነበር። እናቴ፣ ልጇ ሐኪም ፊት ጎስቋላ እንዳትመስል፣ ጭንቅላቷን በለጋ ቅቤ ለቀለቀችው።

ከሐኪሙ ጋር የመጣው የመሣሪያው ባለሙያ የመለኪያውን ሽቦዎች ጭንቅላቷ ላይ ሊለጥፍ ጸጉሯን ፈልቀቅ ሲያደርግ ጣቱ አንሸራተተው።

«ምንድነው ይሄ? ዶሮ ወጥ ልትሠሩባት ነው?»

«እናታችን ናት የቀባቻት» አልኩት።

«አጥበሽ አምጫት። ከነሽታው!»

ግቢው ቧንቧ ሥር በልብስ ሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኳት። በቀዝቃዛው ውሃ የረጋው ቅቤ ጣቶቼ መሀል ተጋገረ። ተጸይፌ ፊቴን አዞርኩ፤ ማዞሬንም አየችብኝ።

ሽቦዎቹ ተለጠፉ። አንጎሏ ለብርሃን ምን እንደሚመልስ ሊታይ ከፊቷ መብራት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ከመለኪያው እየተጣጠፈ በሚወጣው ወረቀት ላይ ጫር ጫር ሲያደርጉ የነበሩት የመሣሪያው ብዕሮች ድንገት ከዳር እዳር ይቧጥጡት ገቡ። እህቴ ደረቀች። ባለሙያው መብራቱን አጥፍቶ ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግ ሲገባው ግድግዳው ድረስ ሸሸ። ከዚያ ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ ጫረና ክንዱን የቻለውን ያህል ዘርግቶ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ደቀነባት። ያ ሁሉ ሽቦ በእጁ ሆኖ ከሰፈራችን ሰው በምንም አልተሻለም። ዛሬም ሳስበው ይቀፈኛል።

ሐኪሙ ገብተው ወረቀቱን አገላበጡ። «መብራቱ የበራው የቱ ላይ ነው? ምልክት የለውም እኮ።»

«ገና አልበራም ነበር፣ ዶክተር» አለ ያ ሰውዬ።

«በርቷል» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ደገምኩት። «ወረቀቱ ሲወጣ እጥፋቱን እየቆጠርኩ ነበር። ሰባተኛው ላይ በራ፤ ብዕሮቹ የዘለሉት ከዚያ በኋላ ነው። ይቁጠሩት።»

ቆጠሩት። ባለሙያውን ገላምጠው ቦታውን በእርሳስ አሰመሩበት። መድኃኒት አዘዙላት፤ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍም ጽፈው ማኅተም መቱበት።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን በሁለት ጣት ጫፍ ይዘው አነበቡት።

«ጥሩ። ትግባ። ግን ኋላ፣ ለብቻዋ።»

ይህን ብለው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

ደብተሬን ሰብስቤ ወደ ኋላ ሄጄ እህቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓመቱን ሙሉ ከፊታችን ያለው ወንበር ባዶ ነበር።