መልከጼዴቅ በልጁ ላይ የፈረደበት ቅዳሜ

መልከጼዴቅ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ካልጋሪ ከተማ ማርልቦሮ የሚባለው ሰፈር ከገባ ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ክሪኬት የሚባለውን የዱላና የኳስ ጨዋታ ግን እስከ አምሳ ዓመቱ ድረስ ቻናል ሲቀይር ካልሆነ በቀር አይቶት አያውቅም ነበር። አሁን በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚካሄደው የአጭር ክሪኬት ውድድር ያለ እሱ አይጀመርም። ዳኛው እሱ ነው።

ለዚህ ክብር የበቃው በችሎታው አይደለም። የሊጉ ቡድኖች ከፑንጃብ፣ ከላሆር፣ ከኮሎምቦና ከካቡል በመጡ ሰዎች የተሞሉ ናቸው፤ ማንም ዳኛ ይሁን ማን፣ የተሸነፈው ወገን አገሩን ያነሳበታል። አንዱ ዳኛማ ለእህቱ ልጅ አድልቷል ተብሎ እስከ ዛሬ ይታማል። በዚህ መሃል የቸስተርሚር ቡድን አለቃ የሆነው ሃርጂት፣ የመልከጼዴቅ የሥራ ባልደረባ፣ ሺፍት ሲቀያየሩ ትክ ብሎ አየውና ክሪኬት የሚጫወት ዘመድ እንዳለው ጠየቀው። መልከጼዴቅ በሰባት ትውልድም የለኝም አለ። ሃርጂት እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ሕጉን በአንድ ክረምት አጠና። ነጭ ጋዎን ሰጡት፤ ባለቤቱ ፀሐይነሽ ጋዎኑን ስታጥብ ወግ ደርሶኝ ዶክተር አገባሁ ትላለች። ተጫዋቾቹ ስሙን እስከ መጨረሻው መጥራት ስላቃታቸው አንክል ሜል ይሉታል። አንክል ሜል ጣቱን ካነሳ መቺው ያለ ክርክር ይወጣል። መልከጼዴቅ አውቶቡስ ላይ ቲኬት እንኳ ለማስከፈል የማይደፍር ሰው ስለሆነ፣ ይህ መታመን ከምንም በላይ ይጣፍጠው ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ቴዎፍሎስ ነው፣ ልጁ። ሞንተሬይ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ካሉ ጓደኞቹ ጋር ዱላ መያዝ ለመደና የዚያ ሰፈር ቡድን ዋና መቺ ሆነ። መልከጼዴቅ የልጁን ቡድን ጨዋታ አይዳኝም ነበር። ዘንድሮ ግን ሞንተሬይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ተጋጣሚው ቸስተርሚር ነው። መልከጼዴቅ ሌላ ሰው ፈልጉ አለ። እምቢ ያለው ተጋጣሚው ራሱ ነው፤ ሃርጂት አንክል ሜል ከሌለ ሜዳ አንገባም ብሎ ድርቅ አለ። ለሰው ብሎ ሲያማ ለኔ ብለህ ስማ ነውና፣ መልከጼዴቅ ያ ለእህቱ ልጅ አደላ የተባለው ዳኛ ትዝ እያለው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣ። ግን ሰው ለምኖት እምቢ ማለት አይሆንለትም፤ እሺ አለ።

በዚህ ጨዋታ አንዱ ወገን ሃያ ዙር ይመታል፣ ከዚያ ተራው የሌላው ነው። ቸስተርሚር ተራውን ጨርሶ ሞንተሬይ እየመታ የመጨረሻው ዙር ደረሰ። ቴዎፍሎስ ዱላውን ይዞ ቆሟል፤ ጥቂት ነጥብ ቀርቶታል፣ እጁም ሞቋል። ሃርጂት ኳሱን ወረወረ። ቴዎፍሎስ ሰነዘረ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ኳሱን ከመቺው ኋላ የቆመው የቸስተርሚር ተጫዋች ቀለበው። ዱላ ነክቶ መሬት ሳይደርስ የተቀለበ ኳስ መቺውን ያስወጣዋል። የቸስተርሚር ልጆች በሙሉ እጃቸውን ዘርግተው ወደ መልከጼዴቅ ጮኹ።

መልከጼዴቅ አይቷል። ዱላው የመታው የልጁን የእግር መከላከያ ነው፤ በዱላውና በኳሱ መካከል የሜዳው ሣር ይታይ ነበር። የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም፤ ቢኖርም እንኳ ሕጉ ጥርጣሬን ለመቺው ይሰጣል። እሱ ግን ያሰበው ሕጉን አይደለም። የሃርጂትን ፊት፣ የተመልካቹን ፊት አየና ጣቱ ወደ ላይ ወጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ጣትም እንደዚያው ነው። ቴዎፍሎስ አንድ ጊዜ አየው፣ ዱላውን ብብቱ ሥር ከቶ ወጣ። ተከትሎት የገባው ልጅ ምንም አልፈየደም፤ ዋንጫው ቸስተርሚር ገባ።

ሃርጂት ማይክሮፎን ይዞ በገዛ ልጁ ላይ የፈረደ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም ቡድኖች ተነሥተው አጨበጨቡ። መልከጼዴቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። እውነቱን ለመናገር ጭብጨባው ደስ ብሎት ነበር፤ ደስ እንዳለው ሲገባው ነው ያፈረው።

ወደ ቤት ሲመለሱ የሚነዳው ቴዎፍሎስ ነበር።

«አባዬ፣ ኦነስትሊ፣ ኳሱ የነካኝ አልመሰለኝም ነበር» አለ ልጁ። «ዱላዬ ላይ ኳስ ፊል አላደረግኩም። ቲምሜቶቼ ሲያጉረመርሙ ግን፣ አባቴ ካለ ነክቷል፣ እሱ አይዋሽም ብዬ ዝም አሰኘኋቸው።»

መልከጼዴቅ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው እንደሚያልቅ ያውቃል።

«አልነካህም» አለ።

ቴዎፍሎስ ቀይ መብራት ላይ ቆመ። አልተቆጣም፤ መልከጼዴቅ ግን ቢቆጣ በወደደ።

«ታዲያ ለምን?»

«ለልጁ አደላ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። በድዬሃለሁ፣ ልጄ። መኪናውን አዙረው፤ አሁንም ሜዳው ላይ ናቸው። ሁሉም ባሉበት እኔው ራሴ ልንገራቸው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ቴዎፍሎስ ግን ወዲያው አልነዳም።

«ተው፣ አባዬ» አለ በመጨረሻ። «ላይክ፣ ሰው ምን ይላል?»

ብሎ በቀጥታው መንገድ ወደ ቤት ነዳ። መልከጼዴቅ ተከራክሮ ሊያስመልሰው ይችል ነበር። አልተከራከረም።