የባንክ ምንዳ

ልጄ ሱፍያን አርፎ መቀመጥ አያውቅም። ጡት ሲጠባ እንኳ እግሩ ይወራጭ ነበር። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እራት ስንበላ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆዎቹ ይንኳኳሉ። አባቱ ኑሩ እጁን ጉልበቱ ላይ ጣል ያደርግለታል፤ ለአፍታ ፀጥ ይላል። እጁ ሲነሳ ደግሞ ይጀምራል።

እኩዮቹ ጫማና መኪና ሲያሳድዱ እሱ የሚያሳድደው ባንክ ነው። የትኛው ባንክ ለአዲስ ደንበኛ ምን እንደሚሰጥ፣ እስከ መቼ እንደሚሰጥ፣ በምን ግዴታ እንደሚሰጥ ስልኩ ላይ በሠንጠረዥ አስቀምጦታል። ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ ያየዋል። ቀይ መብራት ላይ ያየዋል፤ ከኋላ ጥሩምባ ሲነፉበት ነው የሚነቃው። «ይሄ ልጅ ባንክ ሊያገባ ነው» እያልኩ ለኑሩ እቀልድ ነበር።

የሚያዟዙረው ግን የራሱን ገንዘብ አይደለም። የራሱማ ምን አለውና። መሀል ከተማ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ቢሮ ይሠራ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ሌይ ኦፍ ብለው ከሥራ አሰናበቱት። አሁን በመኪናው ምግብ ያደርሳል፤ የሚያገኛትን ደግሞ የተማሪ ብድሩ ይበላታል። የሚያዟዙረው የእኔንና የኑሩን የሐጅ ገንዘብ ነው። እኔ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ፤ ኑሩ ልቡ እስኪደክም ድረስ አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ሠርቷል። ዘጠኝ ዓመት አጠራቀምን። አንዳችን ሄደን አንዳችን እንቀራለን የሚል ሐሳብ በመካከላችን ገብቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ገንዘቡ የነበረው ተራ አካውንት ውስጥ ነው። ወለድ የለውም፤ እንዲያውም ባንኩ በየወሩ አሥራ ሰባት ዶላር ይቆርጥበታል። ለእኔ ተመችቶኝ ነበር። የሐጅ ገንዘብ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ወለድ የነካው ብር ይዤ የአላህን ቤት አልረግጥም። ሱፍያንን ግን ያቺ አሥራ ሰባት ዶላር በተቆረጠች ቁጥር ያመው ነበር።

«እማ፣ እየከፈልሽ ነው የምታስቀምጪው። ላይክ፣ ሜክ ሴንስ አያደርግም» ይለኛል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ኩሽና ገብቶ ስልኩን ደቀነብኝ። አንዲት ሴት የባንክ ካርድ ይዛ ትስቃለች።

«ሪዋርድስ ቼኪንግ የሚባል አካውንት ነው» አለኝ። «ሰርቪስ ፊ የለውም፤ ያቺ አሥራ ሰባት ዶላር ትቀራለች። ደሞዝሽ እዛ ከገባ፣ በወር ሁለት ቢል ከከፈልሽበት፣ ካርዱን ደግሞ አሥራ አምስት ጊዜ ከተጠቀምሽ፣ ባንኩ… ሪዋርድ በአማርኛ ምንድን ነው? ምንዳ። ባንኩ ምንዳ ይሰጥሻል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ምንዳ የምትለዋን ቃል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ልጅ ሆኖ የጎረቤት በር ላይ በረዶ ሲጠርግ፣ ለታመመ ሰው ሾርባ ሲያደርስ «ምንዳህን አላህ ይከፍልሃል» እለው ነበር። ስለዚህ ለእሱ ሪዋርድ ሁሉ ምንዳ ነው።

«ምንዳ የአላህ ነው፤ የባንክ ሲሆን ሽልማት በል» ብዬ አረምኩት። ቀጥዬ ደግሞ «ወለድ የለበትም አይደል?» አልኩት።

«ሪዋርድ ነው» አለ።

አሁን ሳስበው የጠየቅኩትን አልመለሰልኝም። ያኔ ግን አስቤዛ በገዛሁ ቁጥር እንደሚቆጠርልኝ ነጥብ አድርጌ ነው ያየሁት። ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን በአሥራ አምስት ይቆጠር ጀመር። ኑሩ ፎረስት ሎን ያለው ያገራችን ሰው ሱቅ ወርዶ ሦስት ሙዝ ሲገዛ ሦስት ጊዜ ከፍሎ ይመጣል። ባለሱቁ «ጋሼ ኑሩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ብሎ በሐዘን ጠይቆታል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሱፍያን ሥራ ቦታ ይደውልልኛል፤ «እማ፣ አሥራ ሁለት ላይ ነን፤ ሦስት ቀረን» ይላል። እኔም ከሥራ ስወጣ አንድ ሱቅ ገብቼ ሎሚ እገዛለሁ፣ ወጥቼ ተመልሼ ክብሪት እገዛለሁ፣ እንደገና ተመልሼ ማስቲካ እገዛለሁ። ማስቲካ አላኝክም።

ይህንንም ስንለምደው ባንኩ ይቀየራል። ጥሩ የሚሰጡት ለአምስትና ለስድስት ወር ነው፤ ከዚያ ይቀንሳሉ። ሲቀንሱ ሱፍያን ጫማውን ሳያስር ነው የሚሮጠው። በሁለት ዓመት ውስጥ ደሞዜ አራት ባንክ ዞሯል። የመሥሪያ ቤታችን የደሞዝ ክፍል ሠራተኛ ደቦራ ትባላለች፤ የአገሬ ልጅ ናት። አዲስ ፎርም ይዤ ስመጣ «አሁንም?» ትለኛለች። አንዴማ የቤት ኪራዩ ከተዘጋው አካውንት ሊቆረጥ ሄዶ ተመለሰ፤ አከራያችን በር ድረስ መጣ። ያን ቀን ልጁን ልውጠው ደርሼ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ኑሩ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ አጠረው። ሦስታችን የልብ ሐኪም ዘንድ ሄድን። እኔ ለሥራ የሚያግባባኝ እንግሊዝኛ አለኝ፤ ሐኪም ሲፈጥን ግን አልከተለውም። ሐኪሙ ወረቀት እያሳየ ረጅም ሰዓት አወራ። ሱፍያን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ሐኪሙ መለሰለት። ከዚያ ልጄ ወደኛ ዞረና «ልብህ ትንሽ ደክሟል አባ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰድ» አለ።

«ያን ሁሉ አውርቶ ይህቺን ብቻ ነው ያለው?» አልኩት።

«እንግሊዝኛ ረጅም ነው» አለኝ። ኑሩ ሳቀ። እኔም አማርኛው አልበቃው ብሎ ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ባሰበት። ገንዘቡን በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አዛወረ። «ዘንድሮ መሄድ አለባችሁ» ይላል ብድግ ብሎ። «ምን አጣደፈህ? ዘንድሮ ካልሞላ ለከርሞ ነዋ» ስለው ጃኬት እንኳ ሳይደርብ ወደ ጓሮ ይወጣና በረዶው ላይ ይመላለሳል። በመስኮት እያየሁት ሥራ ማጣቱ ነው የሚያንገበግበው ብዬ አዝንለት ነበር።

የካቲት ላይ «ሞላ» አለን። ሠላሳ አንድ ሺህ ዶላር፣ ለሁለት ሰው። ኑሩ ስሜቱን የሚያወጣ ሰው አይደለም፤ ያን ቀን ግን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

የሐጅ ምዝገባው የሚዘጋው ሐሙስ ነበር፤ ገንዘቡ ከዚያ በፊት ለአስጓዡ ድርጅት መላክ አለበት። በስልክ በአንድ ቀን ከሦስት ሺህ በላይ አይላክም፤ አካውንቱ ደግሞ በእኔ ስም ስለሆነ ባንክ ሄጄ መፈረም አለብኝ። ማክሰኞ ሱፍያን የሥራ ኢንተርቪው ነበረው። «ከሰዓት በኋላ አብረን እንሄዳለን። ፕሊስ እማ፣ ብቻሽን እንዳትሄጂ» ብሎኝ ወጣ። እኔ ግን መጠበቅ አልሆነልኝም። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ስል ቆየሁና ካፖርቴን ደረብኩ። ልጁ ዓመሉን ከማን እንደወረሰው የዚያን ቀን ገባኝ። ባንኩ ያለው ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል ነው፤ ከሰፈራችን ከማርልቦሮ በባቡር አንድ ፌርማታ ናት።

ያስተናገደችኝ ልጅ ሄቨን ትባላለች። መልኳን አይቼ በአማርኛ ሰላም አልኳት፤ እንደ ሱፍያን እዚሁ የተወለደች ናት። ደስ አላት። «አንቺ… ሶሪ፣ እርስዎ ይቀመጡ እትዬ» አለችኝ። ጉዳዬን ነገርኳት። ገንዘቡ ብዙ ስለሆነ ከመላኩ በፊት የአካውንቱን ዝርዝር አይቼ እንድፈርም አትማ ሰጠችኝ። በየወሩ መጨረሻ አንድ አንድ መስመር አለ፤ መቶ ስምንት፣ መቶ አሥራ አንድ፣ መቶ አሥራ አራት።

«ሽልማቱ ይሄ ነው?» አልኳት።

«ኖ፣ ሪዋርዱ ይሄኛው ነው፤ አካውንት ሲከፍቱ የተሰጠዎት አራት መቶ። ይሄ በየወሩ ያለው ኢንተረስት ነው» አለች፤ ኮርታልኝ ፈገግ እያለች። «ሃይ ኢንተረስት ቼኪንግ ነው ያለዎት እትዬ። ማን መረጠልዎት? በጣም ጎበዝ ነው።»

ኢንተረስት ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረኝ ልጅ አያስፈልገኝም። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ከፍዬ አውቃለሁ። «ቆይ፣ አሁን አልልክም» አልኳትና ወረቀቱን አጣጥፌ ወጣሁ። ለሱፍያን ደውዬ ያለሁበትን ነገርኩት። «ብቻሽን?» አለና ስልኩን ዘጋው።

በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሰ፤ ክራቫቱን እንኳ አልፈታም። መኪናው ውስጥ ገብቼ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ወለድ ነው» አልኩት።

«አይ ኖው። አውቃለሁ» አለ መሪውን እንደያዘ።

«ስጠይቅህ ሪዋርድ ነው አልከኝ።»

«አፑ ላይ ሪዋርድስ ነው የሚለው።»

«አትቀልድብኝ። በሐጅ ገንዘብ ነው የዋሸኸኝ።» እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። በሕይወቴ በጥፊ መትቼው የማላውቀውን ልጅ ልመታው እጄን በላኝ። «ከአራቱም ባንክ፣ ወለዱም ሽልማቱም፣ ሁሉም ስንት ነው?»

«ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ።» በቃሉ ያውቀዋል።

«ሁሉም ይወጣል። አንዴ ከተደባለቀ ሽልማቱንም አላምነውም። ለቸገረው ይሰጣል፤ ምንዳም አይታሰብበትም፣ ድሮም የእኛ አልነበረም። ለከርሞ በንጹሕ ሞልተን እንሄዳለን።»

«ከሰው ልበደርልሽ።»

«በብድር ሐጅ አልሄድም። ለከርሞ አልኩህ።»

«ለከርሞ አይሆንም እማ።»

«ለምን አይሆንም?»

ስልኩ ጮኸ፤ አንድ ቦታ ምግብ ይጠብቀዋል። አንስቶ አጠፋው። ያ ልጅ ስልኩን ሲያጠፋ አይቼ አላውቅም። እዚህ አገር የተነገረን ነገር ሁሉ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የታክሱ፣ የቤት ኪራዩ፣ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ በዚህ ልጅ አፍ ነው የደረሰን። ባንኩ ያለውን እንደዚህ አድርጎ ከነገረኝ ሌላውንስ እንዴት አድርጎ ነግሮኛል?

«ጥቅምት ላይ ሐኪሙ ምን ነበር ያለው?» አልኩት። «ቃል በቃል ንገረኝ።»

ግንባሩን መሪው ላይ አደረገ። «አንድ ዓመት ይኖራል አለ። ሜይቢ ሁለት። ከዛ በላይ ፕሮሚስ አላደርግም አለ። ሐጅ መሄድ ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። መሄድ ካለበት ዘንድሮ ይሂድ አለ።» ከዚያ ቀና ሳይል «በአማርኛ እንዴት እንደሚባል አላወቅኩም» አለኝ።

ያውቅ ነበር። አሁን የነገረኝ ከሁለት ቃል በቀር አማርኛ ነው።

ተቃጠልኩ። ለኑሩ ነው የተቃጠልኩት፤ ደግሞ ለዚህ ልጅም ነው። አራት ወር ሙሉ ያን ነገር ብቻውን ይዞ በየባንኩ ሲሮጥ ኖሯል። ቁጣዬ አልወጣልኝም፤ ግን እጄን ጀርባው ላይ አደረግኩ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። የሰንሪጅ ገበያተኛ በጋሪው ዕቃ እየገፋ በአጠገባችን ያልፋል።

ሲረጋጋ ተመልሰን ገባን። ከንጹሑ ገንዘብ ላይ የአንድ ሰው ብቻ አስላክሁ፤ በኑሩ ስም። ከመስጊዳችን አሥራ አንድ ሰው ይሄዳል፤ እነሱ ይረዱታል። ሄቨን ፊቴን አይታ ውሃ አመጣችልኝ።

ቤት ስንገባ ኑሩ ሳሎን ተቀምጧል። በጠዋት ፂሙን ተስተካክሎ ነበር።

«እህ፣ ምን አሉ?» አለኝ።

«የአንተ ተልኳል። የእኔ ዘንድሮ አልሞላም» አልኩት።

«ሞላ አልተባለም እንዴ?» አለና ሱፍያንን አየው። ከዚያ እንደ ልማዱ ነገሩን ማቅለል ፈለገ። «እንግዲያው የእኔንም አስመልሱት። ዘጠኝ ዓመት ጠብቀን አንድ ዓመት ምን አላት? ለከርሞ አብረን እንሄዳለን።»

«አይሆንም» አልኩት።

«ለምን?»

ሱፍያን በሩ ጋ እንደቆመ አፉን ከፈተ። ሊያስተካክለው፣ ሊያሳጥረው፣ ለአባቱ በሚስማማ ቃል ሊያደርገው ነው። በእጄ ምልክት ዝም አሰኘሁት። ወንበር ስቤ ኑሩ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

«ጥቅምት ላይ ሐኪሙ ያለውን እኔ ልንገርህ» አልኩት።