አጎቴ ማጭድ የሳሉበት የሰማይ ድንጋይ

ድንጋዩ ሲወድቅ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። በጠራራ ፀሐይ ሰማዩ አጉረመረመ፤ ከዚያ ከአጎቴ ሩዝ ማሳ ዳር አንድ ነገር ዱብ አለና አፈሩ ተፈናጠረ። ብቆፍር ጥቁር ቅርፊት ያለው፣ ሁለት ቡጢ የሚያህል ድንጋይ አወጣሁ።

ከወረታ እስከ ይፋግ ገበያ ያላላገጠብኝ የለም። አጎቴ ራሳቸው፣ «ከጣራ ገዳም ተራራ ተሸክማ ያመጣችው ነው» ብለው ፈረዱ። እኔ ሰነፍ ልባል እችላለሁ፤ ውሸታም መባል ግን አልችልም። ፎቶ አንስቼ ስለ ድንጋይ ለሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ መምህር ላክሁ። በሳምንቱ መጣ።

እስከዚያ አጎቴ ሥራ አልፈቱም። የእኛ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ መሳያ ድንጋይ ከተራራ በአህያ ነው የሚመጣው። ደጃቸው ድረስ ሲመጣላቸው ጊዜ የደቦውን ማጭድ ሁሉ ሳሉበት።

መምህሩ ማግኔት አስጠጋ፤ ተጣበቀ። እልል ልል ስል በአጉሊ መነፅር አየና፣ «ይኼ ሲሳልበት የቀረ የማጭድ ብረትም ሊሆን ይችላል። ውስጡን ካላየሁ ምንም አልልም» አለ።

አጎቴ አጨዳ ሳያልቅ መሳያ አይሰበርም አሉ።

«ሌላ አመጣልዎታለሁ» አልኋቸው።

«እንደዚህኛው ከሰማይ?»

እንግዳውን ጠላ ሊያቀምሱ ወደ ቤት ሲያስገቡት መዶሻው ከቦርሳው ጋር ውጭ ቀረ። ድንጋዩን አንድ ጊዜ ብቻ መታሁት። ሁለት ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ መዋሸት አያምርብኝም።

ውስጡ ግራጫ ነው፤ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ የተድበለበሉ ጠጠሮች ሞልተውበታል፣ በመሀላቸውም ማጭድ ያልደረሰበት ብረት ያብለጨልጫል። መምህሩ ወጥቶ ሲያየው መቆጣቱን ረሳ። ስባሪውን ይዞ ሄደ።

ከወር በኋላ ሲደውል አውድማ ላይ ነበርን፤ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረግሁት። ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የሚባሉ ማዕድናት ይበዙበታል አለ። ኦሊቪኑ ውስጥ ያለውን ብረት ለክተው መድበውታል፤ ከሰማይ የመጣ ነው፣ ስሙ ተራ ኮንድራይት፣ ብረት ከሚያንሰው ወገን። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ተራ መባሉ ከፋኝ። ቢሆንም ይቅርታ ጠብቄ ወደ አጎቴ ዞርሁ።

የቀራቸውን ግማሽ ድንጋይ ያገላብጣሉ።

«ብረት ያንሰዋል?» አሉ። «ማጭዴን በልቶ ጨርሶ?»

በገበያ ቀን ይፋግ ላይ፣ ድንጋዩ ዓይናቸው እያየ እንዴት እንደወደቀ ሲተርኩ ደረስሁ። አንዱ፣ የእህትዎ ልጅስ ያኔ የት ነበረች ብሎ ጠየቃቸው።

«እሷማ» አሉ አጎቴ፣ «አላመነችኝም።»